መሬት እንዳይፈስ

መብራህቱ የራዲያተሩን ማፍሰሻ ቧንቧ ሊዘጋ ከትራክተሯ ሥር ይንበረከክና ተዘግቶ ያገኘዋል። እጁን ይሰበስባል፤ ደግሞ መልሶ ይነካዋል። የጋዙን እሳት ለኩሶ የሞተሯን አፍንጫ ማሞቅ ከጀመረ ሩብ ሰዓት ሆኖታል፤ ይቺ ጉደኛ ካልሞቀች አትነሳም። የቀረው ውሃ መሙላት ብቻ ነበር።

«ማታ ከፍቼው ነው የሄድኩት» ይላል በአማርኛ፣ ለራሱ።

የሲኞር አልዶን ካፖርት ይዤ በሩ ላይ ቆሜ እሰማዋለሁ። የዘጋሁት እኔ ነኛ!

ሲኞር አልዶ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። እኔ ቤታቸውን ስጠርግ፣ ስቀቅል፣ ስተኩስ ዘጠኝ ዓመቴ። ታናሽ ወንድሜ መብራህቱ ደግሞ አሮጌ ትራክተሮቻቸውን ሲጠግን ይሄ አራተኛ ብርዱ ነው። አሥራ አንድ ትራክተር ሰብስበው እዚህ ጣሊያን፣ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ከተማ፣ በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ደርድረዋል። ቆዳው ብረቱ ላይ እየቀረ አንድ በአንድ ያስነሳቸው እሱ ነው። የመጨረሻዋ ይቺ ናት፣ በፈረንጅ 1934 የተሠራችው። «ኖና» ይሏታል፣ አያቴ ማለታቸው ነው። ሟች ሚስታቸውን እንኳ እንዲህ አቆላምጠው ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም።

ዛሬ እሑድ የሳንታንቶኒዮ በዓል ይከበራል፤ የኛው አባ እንጦንስ ናቸው። ቄሱ አደባባይ ላይ ከብቱንም ትራክተሩንም ይባርካሉ። «ኖና በራሷ ሞተር አደባባይ ከደረሰች የመብራህቱን የሥራ ኮንትራት እፈርማለሁ» ብለዋል ሲኞር። ያለ ኮንትራት ነገ ጠዋት ኩዌስቱራ፣ ፖሊሱ ማለት ነው፣ ፔርሜሶውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ አያድስለትም። አራት ዓመት ሲለምናቸው ኖሯል። ወረቀቱ ተሞልቶ በጃኬታቸው ደረት ኪስ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ጠዋት የከተትኩት እኔ ነኝ።

ማታ ማታ ውሃዋ ይፈስሳል፣ ቧንቧው ክፍት ሆኖ ያድራል። አለዚያ ውሃው በብርዱ በረዶ ይሆንና ብረቱን ይሰነጥቀዋል። እኔ ይሄን በምን አውቄ! ትናንት አመሻሽ ላይ እሱ ሲወጣ ጠብቄ ገባሁ። አምስት ሊትር ጠበል ከቤተ ክርስቲያን አምጥቼ ነበር። እምነቱን፣ ያንን የተቀደሰ አመድ፣ በጠበጥኩበትና በራዲያተሩ አፍ ሞላሁላት። የነሱ ቄስ ነገ ይባርኳት፣ የኛ ቢቀድም ምን ይጎዳል አልኩ። ከሥር ሲንጠባጠብ ሳይ ክው አልኩ። ጠበል መሬት አይፈስም፣ አይረገጥም። ቧንቧውን አጥብቄ ዘጋሁት። ይቺ እጄ በተቆረጠች!

መብራህቱ ቧንቧውን ይከፍታል። ጠብ የሚል የለም። እጁን በሞተሯ ሆድ ሥር ሰድዶ ሲዳስስ፣ መሀል ላይ ሲደርስ ጣቱ ቀጥ ይላል።

«አሎራ? ታዲያስ?» ይላሉ ሲኞር አልዶ፣ የበዓል ኮፍያቸውን እያስተካከሉ ገብተው። «ሰው እየጠበቀን ነው።»

ከዘራቸውን ተደግፈው ራሳቸው ጎንበስ ይላሉ። ጥቀርሻው አላሳይ ይላቸዋል። ደረት ኪሳቸውን ዳብሰው እጃቸው የገባውን ወረቀት ያወጡና ብረቱን ይጠርጉበታል። ኮንትራቱ ነው። ተናደው እንኳ አይደለም፤ ጨርቅ ስላጡ ነው። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ከጥቀርሻው ሥር ስንዝር ሙሉ ስንጥቅ ይወጣል።

«ውሃዋን ሳታፈስስ ሄድክ?»

«አፍስሻለሁ፣ ሲኞር። እናቴ ትሙት አፍስሻለሁ!»

ስንጥቁ ውስጥ የተጋገረው በረዶ ግን ነጭ አይደለም፣ አመድማ ነው። መብራህቱ በጥፍሩ ይፍቅና ያሸተዋል። ልጆች ሆነን ስንታመም እናታችን ግንባራችንን የምትቀባን እሱኑ ነበር። ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ያየኛል።

በይ ተናገሪ፣ ንግሥት! አፌን እከፍታለሁ። ልጄ ሊዋም ድቅን ትልብኛለች፤ የምትተኛው እዚሁ የሠራተኛ ክፍል ውስጥ፣ ትምህርት ቤቷ የተመዘገበችው በዚሁ ሰውዬ አድራሻ። አፌን እዘጋዋለሁ።

«ረስቼ ነው» ይላል መብራህቱ በጣሊያንኛ። ዓይኑን ከኔ አልነቀለም። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሲኞር።»

ሲኞር አልዶ አይጮሁም። የኖናን አፍንጫ የሚነካ ያህል እጃቸውን ያስጠጉና ሙቀቱ ሲፈጃቸው ይመልሱታል።

«ሜካኒክ ሞልቷል» ይላሉ። «እሷን የሠሯት ግን ሞተው አልቀዋል። ቀትር ሳይሆን ዕቃህን ይዘህ ውጣ።»

ከዚያ ጀርባቸውን ለኔ ሰጥተው ክንዳቸውን ወደ ኋላ ይዘረጋሉ። ካፖርቱን አለብሳቸዋለሁ። ቁልፎቹንም አንድ በአንድ እቆልፍላቸዋለሁ፣ እስከ አንገታቸው።

«ግራዚዬ፣ ንግሥት» ብለው አመስግነውኝ ይወጣሉ። ወረቀቱ ጎማው ሥር ተጨማድዶ ቀርቷል።

መብራህቱ እሳቱን አያጠፋም። ሙቀቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስንጥቁ ማልቀስ ይጀምራል፣ ጠብ፣ ጠብ። እሱ መዳፉን ከሥር ይዘረጋለታል። ጣቶቹ የተሰነጣጠቁ ናቸው፤ ቢሆንም ገጣጥሟቸው ይይዛል።

«መብሬ» እለዋለሁ። «ማርያምን፣ ላንተው ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

መዳፉ እስኪሞላ ይጠብቃል። ከዚያ ይነሳና አፌ ድረስ ያመጣዋል። ዘይት ተንሳፎበታል።

«እንኪ፣ ጠጪ» ይላል። «መሬት እንዳይፈስ።»

እጠጣዋለሁ። ዝገት ዝገት ይላል።