መሪውን የያዘው እጅ

“እስረኛ የሚሆን ፈቃደኛ አለ?” ይላል አስጎብኚው፣ የብረት በሩን በአንድ እጁ ገፋ አድርጎ። “ለአንድ ደቂቃ ብቻ! ንጉሡ ምሕረት ያደርጋል፤ እኔ ግን ዋስ አልሆንም።”

ጎብኚዎቹ ይስቃሉ። ሐይቁ ዳር የቆመው የጥንት ንጉሥ ግንብ ምድር ቤት ውስጥ፣ እስር ቤቱ ደጃፍ ላይ ነን። ግድግዳው ያልበዋል፤ ከወዲያ በኩል ውሃው ድንጋዩን ሲመታ ይሰማል። አዲስ ተጋቢዎቹ “አንተ ግባ”፣ “አንቺ ግቢ” ይባባላሉ። ጡረታ የወጡት አስተማሪ “እኔን ተዉኝ፣ ትዳሬ ይበቃኛል” ይላሉ።

“አስጎብኚው ራሱ ይግባና ያሳየን” እላለሁ።

“እውነቷን ነው!” ይላል ባለኮፍያው ሰውዬ። “ያበሰለ ይቅመሳ!”

አስጎብኚው ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ ይላል። “እህቴ፣ ጨካኝ ነሽ።”

አላወቀኝም። ጠዋት እጄን ይዞ ከጀልባው ሲያወርደኝም አላወቀኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

የወንድሜ የልብ ጓደኛ ነበር፤ እናቴን “እማዬ” እያለ ቤታችን ይገባል ይወጣል፤ እኔ ያኔ ገና የትምህርት ቤት ልጅ ነበርኩ። አንድ ቀን ወደ ማታ ሁለቱ በመኪና ሲመለሱ መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭተው ከዛፍ ጋር ተላተሙ። ሴትየዋ ሞተች። ወንድሜ ራሱን ስቶ ቆይቶ ሲነቃ መሪው ፊት ተቀምጧል፤ ስለ አደጋው አንዲትም ነገር አያስታውስም። ጓደኛው ፍርድ ቤት ቆሞ “እሱ ነበር የሚነዳው” ብሎ ማለ። ወንድሜ ታሰረ። ከተፈታ በኋላም ሴት ልጅ መንገድ ስታቋርጥ ሲያይ ዓይኑን ይጨፍናል። “ሰው ገድያለሁ እኮ” ይለኛል፣ እኔ ያልሰማሁ ይመስል።

እኔ ግን መኪናውን ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ አይቼዋለሁ። የሹፌሩ ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል። ወንድሜ አጭር ነው፤ እዚያ ተቀምጦ ፍሬኑን በእግሩ ጣት ጫፍ እንኳ አይነካውም። ተናገርኩ። ማን ሊሰማኝ? “እህት ናት፣ ምን ታድርግ” ብለው አለፉኝ። ባለፈው ወር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከጉብኝት ተመልሳ ፎቶዎቿን ስታሳየኝ፣ ያን ጓደኛውን እዚህ ግንብ በር ላይ እጁን ዘርግቶ ሲስቅ አየሁት።

አሁን ያን ረጅም ቁመቱን አጥፎ ወደ ጨለማው ይገባል። ስልኮች ከየኪሱ ይወጣሉ፤ ሙሽሪት መቅረጽ ጀምራለች። በሩን እዘጋለሁ። መቀርቀሪያው ከባድ ነው፤ በሁለት እጄ እስበዋለሁ።

“ንጉሥ ሆይ፣ ምሕረት!” ይላል ከውስጥ። ሳቅ።

በሩ ላይ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። አፌን አስጠጋለሁ። “መጀመሪያ ተናዘዝ።”

“ምኑን ልናዘዝ?”

“የሹፌሩ ወንበር ለምን ወደ ኋላ ተገፍቶ ነበር?”

ወደ ቀዳዳዋ ይጠጋል።

“ማነሽ?”

ስሜን አልነግረውም። የወንድሜን ስም ከነአባቱ እነግረዋለሁ።

“ክፈቺ” ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ሰው አለ እኮ። ውጪ እንነጋገር።”

“ሰው ስላለማ ነው።”

በሩን ይገፋል። ከዚያ በቡጢ ይደበድበዋል። “መተንፈስ አቃተኝ፣ የኔ እህት፣ በናትሽ!”

“አቤት ሲያውቅበት!” ይላል ባለኮፍያው። “ይሄ ሰው ቴአትር ቤት ነው መቀጠር ያለበት!”

ሳቁ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ድብደባው ይቆማል። የሚያስበው ገባኝ፤ ጨዋታ መስሏቸዋል፣ ጨዋታ ከሆነ ደግሞ ምን ቸገረው?

“እሺ!” ይጮኻል፣ በአስጎብኚ ድምፁ። “እናዘዛለሁ! የምነዳው እኔ ነበርኩ!” የወንድሜን ስም ከነአባቱ ይጠራል። “እሱ ጎኔ እንቅልፍ ወስዶት ነበር! ሴትየዋን አላየኋትም! ጎትቼ የእኔ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት...” እዚህ ላይ ድምፁ ይከዳዋል። “አፍንጫው ይደማ ነበር። አይተነፍስም ነበር። የሞተ መሰለኝ። ሙት አይታሰርም ብዬ... ሙት ምን ይሆናል ብዬ ነው።”

“ሲነቃስ?”

“ሲነቃማ...” ለመስማት ጆሮዬን ማስጠጋት አለብኝ። “ሲነቃማ እኔ ተናግሬ ጨርሼ ነበር።”

መቀርቀሪያውን እስበዋለሁ።

ጭብጨባው ምድር ቤቱን ይሞላዋል። አስጎብኚው ደጃፉ ላይ ቆሞ ዓይኑን ያርገበግባል፤ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቋል። ጭብጨባ መሆኑ ሲገባው ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ደም ይመለሳል። አንድ ጊዜ አየት ያደርገኛል፤ “ታዲያ ምን አተረፍሽ?” የሚል አስተያየት ነው። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለተመልካቹ ጎንበስ ይላል።

ወደ ሙሽሪት እዞራለሁ። “የኔ ቆንጆ፣ ቀረጽሽው?”

“ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው! ድምፁ ራሱ ጥርት ብሎ ገብቷል።”

“ትልኪልኛለሽ? ወንድሜ እንዲያየው ነው።”

“ውይ፣ ምን ችግር አለው!” ትላለች፣ ስልኬን ተቀብላ። “በጣም ነው ደስ የሚለው።”

ጭብጨባው አልቋል። ባለኮፍያው ደረጃውን መውጣት ጀምሯል፤ አስተማሪው አንዴ እኔን፣ አንዴ አስጎብኚውን አይተው ይከተሉታል። አስጎብኚው ግን ጎንበስ እንዳለ ነው።

ያን ፊት ለማየት ነበር ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት። ቀና አላለም። የሚታየኝ አናቱ ብቻ ነው፤ ጸጉሩ መሃል ላይ ሳስቷል፣ ላቡ በጆሮው ሥር ወርዶ ድንጋዩ ላይ ጠብ ይላል።