ገደሉ ሥር

የጂኦግራፊ መምህርቷ በየዓመቱ ተማሪዎቿን ቅሪተ አካል ፍለጋ የምትወስዳቸው ወደዚያው ከከተማው ዳር ወዳለው ገደል ነው። ርዕሰ መምህሩ «እዚያ ምን ይገኛል? ዓባይ በረሃ ውሰጃቸው» ቢላት አልሰማችም።

ዘንድሮ ግን ተገኘ። ቢኒያስ የቅጠል ቅርጽ የታተመበት ድንጋይ ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ቲቸር! ስንት ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል?»

«ጎበዝ፤ ከረጢቱ ውስጥ ክተተው» አለችው፤ ድንጋዩን ግን አላየችውም። ዓይኗ ገደሉ ሥር አፈር ከሚቆፍሩት ልጆች እጅ ላይ ነበር።

ቢኒያስ ከፋው። «ቅሪተ አካል ድንጋይ ውስጥ ነው ያሉን እርስዎ ነዎት። ታዲያ ለምን አፈር እንቆፍራለን?»

«ቆፍሩ ብያለሁ!»

እንዲህ ስትቆጣ አይተዋት አያውቁም። ሁሉም ወደ ቁፋሯቸው ተመለሱ።

አውቶቡሱ ጡሩምባ ሲነፋ ኤልዳና ከአፈሩ ውስጥ አንድ ነገር መዝዛ አወጣች።

«ቲቸር፣ ይኼ እንኳ የጥንት አይደለም። አሮጌ ኮንጎ ጫማ ነው፤ በመዳብ ሽቦ ተሰፍቷል። ልጣለው?»

መምህርቷ እፊቷ ተንበርክካ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ሽቦውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ» አለች። «አባዬ ሲሰፋው። ወታደሮች እሱን በወሰዱት ቀን፣ ጠዋት።»