የኡጎዬ ትራንዚስተሮች

አቶ አኪንሪናዴ በኤሌክትሮኒክስ ገበያው ውስጥ ወዳለው የኡጎዬ ሱቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡት ሰኞ ጠዋት ነው። ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ጡብ የምትገፋ ትንሽ ሮቦት እየሠሩ ነበር፤ የሌጎስ የሮቦት ወዳጆች ውድድር ደግሞ ቅዳሜ ነው። ለሞተሯ ኃይል የሚያቀብሉ አራት ትራንዚስተሮች ፈልገው ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው መጥተዋል።

ኡጎዬ ወረቀቱን አየችው።

«አባባ፣ የሮቦቷ አንጎል ስንት ቮልት ነው የሚያወጣው?»

«አምስት። ምነው?»

«እንግዲያው ይኼኛውን ይውሰዱ። የጻፉት በአምስት ቮልት ይግላል፤ ይኼ ይሻላል፤ ዋጋውም ግማሽ ነው።»

«የማይሸጥ ዕቃሽን ልታራግፊብኝ ነው? የተጻፈውን ስጪኝ! ሱቅ የከፈተ ሁሉ መሐንዲስ ሊሆንብኝ!»

የተጻፈውን ሰጠቻቸው።

ረቡዕ ተመልሰው መጡና አራቱንም የተቃጠሉ ትራንዚስተሮች ፊቷ ወረወሯቸው።

«ሌባ! ሮቦቷ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳትሄድ ጨሱ። ፎርጅድ ነው የሸጥሽልኝ!»

በዚያ ገበያ የርካሹን ትራንዚስተር ቁጥር በአሸዋ ወረቀት ፍቆ የውዱን መጻፍ የታወቀ ሙያ ነው፤ ስለዚህ ማንም አልተገረመም። ጎረቤቶቿ አንገታቸውን አስግገው «እሷም ጀመረች?» ተባባሉ። አሥራ ሰባት ዓመት ስሟ በክፉ ያልተነሳ ሴት በአንድ ጠዋት ሌባ ሆና አረፈችው። ያናድዳል።

«የታሸገውን ካርቶን የከፈትኩት እኔው ነኝ አባባ! ደግሞም ነግሬዎት ነበር እኮ…»

«ዝም በይ! ሌላ አራት አምጪ፤ እውነተኛውን!»

ያለ ክፍያ ሌላ አራት ሰጠቻቸው። እነዚያም ሐሙስ ጠዋት ጨሱ።

አሁን አቶ አኪንሪናዴ ወደ እሷ አልመጡም፤ በቀጥታ የነጋዴዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ዘንድ ሄዱ። ሊቀ መንበሩ ቺፍ አንያኤግቡ ከሰዓት በኋላ ትልቅ ቁልፍ አንጠልጥለው ሱቋ ደጃፍ ቆሙ።

«ስሚ ኡጎዬ፣ ነገ ጠዋት እኔው ፊት እውነተኛውን ትሰጫቸዋለሽ። ከጨሰ ሱቅሽ ይታሸጋል፤ ከማኅበሩም ትሰረዣለሽ።»

«ይስሙኝ ቺፍ፤ ጥፋቱ የዕቃው አይደለም፣ የምርጫው…»

«ከመሐንዲስ ልትበልጪ ነው? አታፍሪም?»

ከዚያች ሱቅ አራት ልጆቿ ይበላሉ። ኡጎዬ ጥርሷን ነከሰች።

«እሺ። ነገ ይምጡ።»

ዓርብ ጠዋት ገበያተኛው ሁሉ ሱቋን ከበበ። ቺፍ በማጉያ መነጽር አራቱንም አንድ በአንድ አነበቡ፤ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ያለው ራሱ ነው። አቶ አኪንሪናዴ እያጉተመተሙ ይዘዋት በመጡት ሮቦት ላይ በየዷቸው። ሮቦቷ ጡቡን እየገፋች ጠረጴዛው ላይ ግማሽ ሰዓት ተመላለሰች። ቺፍ ትራንዚስተሮቹን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጓቸው፤ ለብ እንኳ አላሉም።

«አያችሁ!» አሉ አቶ አኪንሪናዴ። «ሌባ ቁልፍ ሲያይ ይታረማል። ከመጀመሪያው እውነተኛውን ብትሰጪኝ ምን ነበረበት?»

«ይቅርታ ጠይቂያቸው» አሏት ቺፍ።

ጠየቀች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሰዉ አፍራ ነው አለ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች እየተሳሳቁ ሄዱ፤ ሰዉም ተበተነ። ከጎኗ ገመድ የምትሸጠው ኦዲናካ ብቻ ቀረች።

«ምን ነካሽ አንቺ? እውነተኛው እያለሽ ስምንት ፎርጅድ ትሸጫለሽ?»

«ስምንቱማ እውነተኛ ነበሩ» አለች ኡጎዬ በንዴት። «ፎርጅዶቹ የዛሬዎቹ አራቱ ናቸው፤ የርካሹን ቁጥር ፍቄ የእሳቸውን ጻፍኩበት።»