የአርባ ምንጭ ሙዝ

ሚስቱ ፍቺ ስትጠይቅ ሽማግሌዎቹ ሽርሽር አዘዙላቸው። «ጫጉላችሁን ያሳለፋችሁበት አርባ ምንጭ ሂዱ። ሰንብታችሁ ስትመለሱ ውሳኔያችሁን ትነግሩናላችሁ» አሏቸው። የፈረሰ ትዳር በሐይቅ አየር ይጠገናል ብለው የሚያምኑ፣ «ምን በድሎሽ ነው?» ብለው ግን አንዴም ያልጠየቋት ሰዎች ናቸው።

እሱ ሽርሽሩ የሠራ መስሎታል። ያንኑ የድሮ ክፍላቸውን ያዙ። የዓሣውን እሾህ እየለቀመች አጎረሰችው። ጀልባው ላይ አዞ ስታይ ክንዱን ጨብጣ ጮኸች። አሁን እየነዳ ሲመለስ ሐይቁ በመስታወቱ ውስጥ እያነሰ ሄደ። የሚወደውን ቦታ ትቶ ሲሄድ ሊከፋው ይገባ ነበር። አልከፋውም፤ ደስም አላለውም።

«ሽማግሌዎቹን ታረቅን እንበላቸው?» አላት።

«እስክንደርስ ተወኝ» አለችው፣ ዓይኗን ከሐይቁ ሳትነቅል።

ከከተማው መውጫ አንዲት ሙዝ ሻጭ እጇን እያውለበለበች አስቆመቻቸው።

«ሙሽሮች! ባዶ እጃችሁን ልትገቡ ነው?»

ከአርባ ምንጭ ለቤቱ ሙዝ ሳይዝ የሚመለስ የለምና ወረደ። እንደ ጫጉላቸው ጊዜ አንድ ትልቅ ዘለላ መረጠ። ሻጯ ፌስታል ውስጥ ልትከተው ስትል ሚስቱ የመኪናውን መስኮት አወረደች።

«እህቴ፣ ለሁለት ክፈይልን። አንዱን ለእሱ ቤት፣ አንዱን ለእኔ።»

ሻጯ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ብቻዋን እንደሳቀች ሲገባት ቢላዋዋን አነሳች።