ግንቦት ላይ ታውቆ ነበር

ሙላው ከእህል ጫኙ መኪና ላይ እንደ ወረደ አስረሳሽን አያት። ከቆቦ ከተማ ዳር፣ ከመጠለያው ድንኳኖች ጀርባ፣ የበሽተኞችን ልብስ በፈላ ውሃ ትቀቅላለች። በበትር ስትገለብጠው ቅማሉ ከላይ ይንሳፈፋል። ታላቅ እህቱ ናት፤ ትከሻዋ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ትከሻ አክሏል።

«እታለም» አላት።

ቀና ብላ አየችው። እልል አላለችም፣ አልተጠመጠመችበትም። «መጣህ?» ብቻ አለችው።

«እማማስ?»

«ነሐሴ ላይ።» ልብሱን ገለበጠችው። «ወደዚህ ስንመጣ ሮቢትን አልፈን ትንሽ እንደ ሄድን ‹እስቲ ልረፍ› አለች። እንደ ተቀመጠች ቀረች። መቆፈሪያ የሚያነሳ ጉልበት ያለው ሰው አልነበረም። እኔና ጎረቤታችን ዚነት በእጃችን አፈር አለበስናት።»

ባዶ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። ሊያለቅስ አፉን ሲከፍት አስረሳሽ ቀደመችው።

«ሚያዝያ ላይ ደብዳቤ አስጽፌልህ ነበር። ደረሰህ?»

«ደርሶኛል።»

«‹ሥራዬን ልጨርስና እመጣለሁ› አልክ። የምን ሥራ ነው እናት የሚያስጥል?»

አዲስ አበባ ስምንት ወር የለፋበትን ነገር ለማንም አስረድቶ አያውቅም። ጠያቂም አልነበረው። «መሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተር የሚባል የሂሳብ መኪና አለ» አላት። «የሰው ቋንቋ አይገባውም። እኛ የጻፍንለትን ወደ መኪናው ትእዛዝ የሚመልስ አስተርጓሚ አለው፤ ኮምፓይለር ይሉታል። ትርጉሙን ደህና ያውቃል፤ መጨረሻ ላይ ትእዛዙን ሲያወጣ ግን ብልሃት የለውም። መኪናው አንዲት ቁጥር ባስፈለገችው ቁጥር ሩቅ ሄዶ እንዲያመጣት ያዝዘዋል። ለእያንዳንዱ ጉንጭ ውሃ ጎሊና ወንዝ ድረስ እንደ መውረድ በይው። እኔ አንዴ ቀድቶ አጠገቡ እንዲያኖር አደረግሁት። ሁለት ቀን የሚፈጀው ሥራ ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አለቀ።»

ድምፁ ሳያስበው ደምቆ ነበር። ራሱን ሰማና አፈረ።

«መኪናው ምን ይቆጥራል?»

«የየአውራጃውን አዝመራ።»

በትሩ ቆመ። «የእኛንም?»

«የእኛንም።»

«ምን አለ?»

ወረቀቱን ከማተሚያው ትኩሱን የቀደደው ራሱ ነው። በራያ ቆላ ማሽላ መስመር ላይ የወጣውን ቁጥር ሲያይ፣ አስተርጓሚውን ሲያሻሽል ያበላሸው መስሎት ሦስት ጊዜ ደግሞ አስኬደው። ሦስቱንም ጊዜ ያው ወጣ። ስህተት ቢሆን ኖሮ ምንኛ በተሻለ።

«እህል የለም አለ» አላት። «ሰዉ ሊያልቅ ነው አለ።»

«መቼ?»

«ግንቦት ላይ።»

«ግንቦት ላይ» አለች አስረሳሽ፣ «እማማ በእግሯ ጎብዬ ገበያ ደርሳ ትመለስ ነበር። ታዲያ ለማን ነገርክ?»

«ለአለቃዬ ሰጠሁት። ‹ጎበዝ፣ መኪናውን አፈጠንከው› ብሎ ጨበጠኝ። ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። ‹ይሄ የአገር ገመና ነው፤ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ› አለኝ።»

«አንተስ?»

«ዝም ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።» ምድጃው ውስጥ እንጨቱ ተንጣጣ። የባሰውንም መደበቅ አልሆነለትም። «እድገት ሰጡኝ።»

አስረሳሽ አልተቆጣችም። ብትቆጣው በወደደ። «እኛ እኮ የማያውቁ መስሎን ነበር» አለች። «መንገዱን ሁሉ እማማን የማጽናናት በዚሁ ነው። ‹አይዞሽ፣ አልሰሙም እንጂ ቢሰሙ ይደርሱልን ነበር› እያልኳት ነው የሄድነው። እሷም አምናኝ ነው የሞተችው።»

ከመንገዱ በኩል ጥሪ ተሰማ። ሁለት ሰዎች አንድ ሽማግሌ በቃሬዛ ይዘው መጡና ድንኳኑ ጥላ ሥር አወረዱት። ከቃሬዛው ክብደት የሚበዛው የእንጨቱ ነበር። አስረሳሽ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ወደ ድንኳኑ ገብታ ቀጭን አጥሚት በጣሳ ይዛ ወጣችና ከማንኪያ ጋር ለወንድሟ ሰጠችው።

«አንድ ማንኪያ ብቻ» አለችው። «ከዚያ ትጠብቃለህ። አንጀቱ እስኪለምድ ነው። ቶሎ ቶሎ ያጠጣናቸው ሞተውብናል።»

ሙላው ተንበረከከና ማንኪያውን ከሽማግሌው ከንፈር አስነካ። ግማሹ በአገጩ ፈሰሰ። የቀረው አፉ ውስጥ ቆየ። ሙላው የሽማግሌውን ጉሮሮ ትክ ብሎ እያየ፣ እስኪንቀሳቀስ ጠበቀ።