ሁለተኛው ቅጂ

ጋሼ ገመዳ በአጥቢያው የኮምፒውተር ክፍል፣ ክፍሉን ከሚያስተዳድረው ከያቤጽ ጎን ተቀምጠው ነበር። ሟች ልጃቸው ላንጋኖ በተደረገው ጉባኤ ላይ ብቻዋን የዘመረችው መዝሙር ከኮምፒውተሩ ጠፍቷል።

“ሁለት ቦታ ነው የሚቀመጠው ብለኸኝ አልነበር እንዴ?”

“ብዬዎት ነበር፣ ጋሼ።” ያቤጽ ራሱ የጻፈው አጭር ፕሮግራም ሁለተኛውን ዲስክ በየማታው ከዋናው ጋር ያመሳስል ነበር። ማክሰኞ ከዋናው የተሰረዘውን መዝሙር፣ ያንኑ ማታ ከሁለተኛውም ሰርዞታል።

“ማነው የሰረዘው? ስሙን ብቻ ንገረኝ፤ ሌላ አልጠይቅህም።”

ያቤጽ የኮምፒውተሮቹን መዝገብ የሚያበጥር አጭር ትእዛዝ ጻፈ። አንድ መስመር ወጣ፦ ማክሰኞ ረፋድ፣ አራት ሰዓት ከሩብ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ኮምፒውተር። ጋሼ ገመዳ በየማክሰኞው ረፋድ ከወንጂ እየመጡ ልጃቸውን የሚያዳምጡት እዚያው ነበር። ብቻቸውን፣ በደከመ ዓይናቸውና በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው።

ያቤጽ ስክሪኑን ወደ ራሱ አዞረ።

“እኔ ነኝ፣ ጋሼ።”

ሽማግሌው ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ።

“ጌታ ይቅር ይበልህ” አሉት፤ “እኔ ግን አልችልም።”

“አሜን” አለ ያቤጽ።