ነቅቶ የሚዋጥ ቱቦ

አንገቱ ያበጠው ሽማግሌ ትንፋሽ እያጠረው ከመንደር ወደ ሆስፒታሉ ሲመጣ፣ ጫፉ ወርቅ የተቀባ በትር የያዘ ጎልማሳ ከፊቱ ቀድሞ ገባ። አሻንቲ አገር ያን በትር የያዘ አፈ ንጉሥ ነው፤ ንጉሡ ዝም ይላል፣ እሱ ይናገርለታል። ይህን ጡት ያልጣለ ሕፃንም ያውቀዋል።

"ናና፣ እንኳን ደህና መጡ" አለች የማደንዘዣ ሐኪሟ ሰርዋ፣ ሽማግሌውን በንጉሥ መጠሪያ ጠርታ፣ እንደሚገባውም እጅ ነስታ።

ሽማግሌው ድምፁ ከተዘጋ ሰንብቷል። ራሱን በኃይል ነቀነቀ። ባለ በትሩን ሳቅ አመለጠው።

"እሱ ፈሪ ነው። ጭልጥ አድርገሽ አስተኚው" አላት።

ነርሷ አፍሪዬ ክው አለች። ንጉሥን "እሱ"?

"ጭልጥ ብለው ከተኙማ እብጠቱ የአየር ቧንቧቸውን ይደፍነዋል፤ ያኔ አለቀልን" አለች ሰርዋ። "ኬታሚን የሚባለውን ማደንዘዣ ልስጥ ብል ምራቃቸው ይበዛብኛል። ጉሮሯቸውን አደንዝዤ፣ ለስለስ ያለ ማረጋጊያ ጠብ አድርጌ፣ እንደነቁ ቱቦውን አሳልፋለሁ።"

"ያን የሚያህል ቱቦ ነቅቶ ይዋጥ? አይሆንም፣ አስተኚው ብያለሁ።"

አፍሪዬ ሐኪሟን ወደ ጥግ ሳበቻት። "ዶክተርዬ፣ ይሄ ሰውዬ ዙፋን አምሮታል። ጌታውን በእጅሽ አስገድሎ እሱ ሊቀመጥ ነው።"

"እኔም አላማረኝም" አለች ሰርዋ።

በቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ጫማ አውልቁ ሲባሉ ሽማግሌው ነጠላ ጫማውን ወዲያው አወለቀ። ባለ በትሩ አሻፈረኝ አለ።

"በባዶ እግሬ መሬት አልረግጥም።"

"ጎሽ፣ ትዕቢትህን ይዘህ እዚያው ቁም" ብላ አፍሪዬ በሩን ዘጋችበት።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ሰርግ ሆነ። ማረጋጊያው ጠብ ሲል ሽማግሌው ፈገግታ በፈገግታ ሆነ። ሰርዋ "ናና፣ በረጅሙ ይተንፍሱ" ባለች ቁጥር ግን ራሱን ይነቀንቃል፤ አፍሪዬም "አይዞዎት፣ ጠላትዎ ውጭ ነው" ትለዋለች። ቱቦው ሳይታኘክ እንደሚዋጥ የፉፉ ገንፎ ሸርተት ብሎ ወረደ። ያኔ ሙሉ በሙሉ አስተኙት፤ እብጠቱም ወጣ። አፍሪዬ ደስታዋን መቻል አቅቷት እልል አለች።

በማግስቱ ቱቦው ከወጣ በኋላ ባለ በትሩ ሊጠይቅ መጣ። አፍሪዬ ደጃፉ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች።

"ወዴት ወዴት? መጀመሪያ ናና ይፍቀዱልህ።"

ሽማግሌው ወደ ባለ በትሩ እያየ ከትራሱ ለመነሣት እየታገለ፣ በሻከረ ድምፅ የመጀመሪያ ቃሉን ተናገረ።

"ናና፣ እግርዎ ባዶ መሬት የማይነካው ንጉሤ፣ በትሬን ይዘው እስካሁን አፍ ስለሆኑልኝ እግርዎን ልሳም፤ እንግዲህ ይመልሱልኝ፣ አፈ ንጉሥዎ ድኗል።"